ወደ ቀኝ እንዙር

አባቴ ሲወዱኝ «አንተ» ይሉኝ ነበር። ሴት ልጅን እንደ ወንድ መጥራት ለአገሬ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሴቷን «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» ማለት ማቆላመጫችን ነው። ሞጣ ባለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቃችን ውስጥ የአቡጀዴ ጥቅል ተሸክሜ ከጓዳ ስወጣ «አንተ ጎበዝ፣ ቀስ በል፣ እንዳትወድቅ» ይሉኛል። ሲቆጡኝ ደግሞ ወዲያው «አንቺ» እሆናለሁ። ፊታቸውን ሳላይ፣ ከቃሉ መጨረሻ ብቻ፣ በዚያ ቀን እንዴት እንደዋልኩ አውቅ ነበር።

ይህን የማነሳው ቢቸና ኮሌጅ ገብቼ ለእጩ መኮንንነት መሠልጠን በጀመርኩበት የመጀመሪያ ቅዳሜ የሠራሁትን ስህተት ለማስረዳት ነው። አሠልጣኛችን ሃምሳ አለቃ ሠላሳ ያህል ተማሪዎችን በሦስት ረድፍ አቆመንና ከሆዱ ሥር በሚወጣ ድምፅ «ተጠንቀቅ!» አለ። ሁሉም ደርቆ ሲቆም እኔ ፈገግ አልኩ። ወድጄ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔን «ተጠንቀቅ» ያለኝ ሰው አባቴ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የሚሉኝ ላይኛው መደርደሪያ ለመድረስ መሰላል ስወጣ ነው።

«እጩ! ምን ያስቅሻል?»

«ምንም፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ምንም የሆነ ነገር ያስቃል?»

አባቴ እንዲህ ነው የሚያቆላምጡኝ ብዬ አልነግረው ነገር! ሜዳውን ሦስት ጊዜ በሩጫ ዞርኩ። ስመለስ ከሒጃቤ ላይ የደረብኩት ቆብ ተንሸራትቶ አንድ ዓይኔን ሸፍኖታል። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆቡን በመርፌ ቁልፍ እያያዝኩ መውጣት ልማዴ ሆነ።

«ኮሌጅ» ስል ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ። ከቢቸና ከተማ ዳር አራት የመማሪያ ሕንጻ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍትና ዝናብ ሲመጣ መምህሩ የማይሰማበት ባለ ቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። የሚሰጠውም ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ጥቂት ሂሳብና ጥቂት ሳይንስ ነው። ሐኪምም መሐንዲስም አያወጣም። ሰዎች «ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው የምትወጡት?» ሲሉን «ሰው» እያልን እንቀልዳለን፤ ጠያቂዎቻችን ግን፣ በተለይ ከፋይ ወላጆች፣ አይስቁም። በሁለተኛው ዓመቴ መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ መኮንን ለመሆን የሚፈልጉ እንዲመዘገቡ ይጠይቃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ፣ ክረምት ክረምት ጦር ሰፈር፣ ሲመረቁ የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ። በሰኔ ማጣሪያ አለ፤ ሰው መምራት ያልቻለ ይቀነሳል። ያኔ መንገዱም አገሩም ሰላም ስለነበር አብዛኞቻችን ነገሩን ያየነው እንደማንኛውም ሥራ ነው።

ለምን እንደተመዘገብኩ ለሚጠይቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የተለያየ መልስ እሰጣለሁ። እውነተኛው ግን ትንሽና የሚያሳፍር ነው። ልጅ ሆኜ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ዋጋ ስናገር፣ ገዢው ዞር ዞር ብሎ ያይና «አባትሽ የሉም?» ይለኛል። አባቴ ከጓዳ ወጥተው ያንኑ ዋጋ ሲነግሩት ይስማማል። በዓመት ሦስት መቶ ቀን እንዲህ ነው። የተናገርኩትን ነገር ሌላ ሰው ሳይደግመው፣ ከእኔ ከራሴ አፍ ሰው ሲቀበለው ማየት አምሮኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ «መምራት» የሚለውን ቃል ሳነብ ልቤ ተነሣ። ለእናቴ «ስፖርት ጀምሬያለሁ» አልኳት። ለአባቴ ምንም አልነገርኩም።

አባቴ ሰው ሱቅ ሲገባ ይነሣሉ። ባለሥልጣንም ይሁን፣ ክር ልትገዛ የተላከች ሕፃንም ትሁን፣ ከወንበራቸው ብድግ ሳይሉ አያስተናግዱም። ሁለት ሜትር ለክተው ሲያበቁ አንድ ስንዝር ምርቃት ይጨምራሉ። ትእዛዝ የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም፤ በገዛ ቤታቸው ውኃ ሲጠማቸው እንኳ «ውኃ ይኖር ይሆን?» ነው የሚሉት። አያቴም እንዲሁ ነበሩ ይባላል። የእኛ ወገን ሞጣ ላይ ብዙ ትውልድ ነግዷል፤ ያዘዘ ሰው ግን ከመካከላችን ወጥቶ አያውቅም። «እንለምናለን፣ እንለመናለን፤ እንዲህ ሆነን ኖረናል» ይሉ ነበር አባቴ፣ ኩራትም ምክርም አድርገው። እንዲህ ላለ ሰው «መኮንን ልሆን ነው» ብሎ በስልክ መንገር ከበደኝ። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ።

በኅዳር ተራ በተራ ቡድን ማዘዝ ጀመርን። የእኔ ተራ ሲደርስ አሥር ሰዎች ፊቴ ቆሙ። አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች ናቸው። አንደኛው ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ የመጣ ዲያቆን ነው፤ በዕድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ፈተና ሲደርስም ማስታወሻውን የሚያውሰኝ እሱ ነው። ዓይኔ እሱ ላይ ሲያርፍ «ዙር» የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። በቀደም ማስታወሻ ያዋሰኝ ሰው እንዴት «ዙር» ይባላል? «ዙሩ» እንዳልል ትእዛዙ እንዲያ አይደለም። ከዚያ አፌ የራሱን መፍትሔ አገኘ።

«ወደ ቀኝ… እንዙር!»

አንድም ሰው አልዞረም። ዲያቆኑ ሳቁን ሊይዝ ታግሎ አቃተው፤ እሱ ሲለቀው ረድፉ ሁሉ ተከተለ። ሃምሳ አለቃው ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«እንዙር?» አለ። «የት ነው የምንዞረው? ገበያ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮሌጁ ስሜ «እንዙር» ሆነ። ምሳ ሰልፍ ላይ «እንዙር መጣች፣ አሳልፏት» ይላሉ። አብሬያቸው ብስቅም ውስጤ ያርር ነበር። ምክንያቱም ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሃምሳ አለቃው ለብቻዬ ጠርቶ «ሩጫሽ ጥሩ ነው፣ ጭንቅላትሽም ጥሩ ነው። እስከ ሰኔ ሰው ማዘዝ ካልቻልሽ ግን እኔ ራሴ ነኝ የምቀንስሽ» ብሎኛል። ይህን ሲለኝ አልተቆጣም፤ እሱ ነው የባሰው።

ግዕዝና ሰዋስው የሚያስተምሩን መምህር በወጣትነታቸው ከቅኔ ቤት ቅኔ ቤት የዞሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ቀረሁና ጠየቅኳቸው።

«መምህር፣ ወታደር ብዙውን ሰው ለምንድን ነው በነጠላ የሚያዝዘው? ‹ዙሩ› ማለት ነውር ነው?»

ጠመኔያቸውን አስቀመጡና ወደ በሩ አዩ። በረንዳው ላይ ስድስት ሰባት ልጆች ተቀምጠው ያወራሉ። «ልጆች፣ እባካችሁ ያንን በር ዝጉልን» አሏቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የተነሣ የለም። መምህሩ ትንሽ ቆዩና ማንንም ለይተው ሳያዩ «በሩን ዝጋ!» አሉ። ሦስት ልጆች ባንድ ጊዜ ብድግ ሲሉ ተጋጩ።

«አየሽ?» አሉኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ። «‹ዝጉ› ሲባል ሰው ጎረቤቱን ያያል። ‹ዝጋ› ሲባል ሁሉም የተጠራው እሱ ይመስለዋል።»

«ሴቷስ፣ መምህር? እኔም እኮ ‹ዙር› ነው የምባለው።»

«የሴቷን ሰዋስው ወታደር ገና አልጻፈውም» አሉና ሳቁ።

መልሱ ገባኝ፤ ድምፄ ግን በመረዳት ብቻ የሚመጣ አልነበረም። ሃምሳ አለቃው ችግሩን በሌላ በኩል ያየው ነበር። «አንቺን የሚያስፈራሽ ሰው ነው» አለኝ። «ሰው በሌለበት ጀምሪ።» ከሜዳው ጀርባ ወደ ገበያ ከሚወስደው መንገድ ዳር ረጅም የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ። በየቅዳሜው ልምምድ ሲያልቅ እዚያ ሄጄ ዛፎቹን እንዳዝዝ ነገረኝ። መጀመሪያ የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ግን ወደድኩት። ባሕር ዛፍ አይስቅም፣ ማስታወሻ አያውስም፣ በዕድሜ ቢበልጥም አይቀየምም። «ተጠንቀቅ!» እላለሁ፣ «ወደ ግራ ዙር!» እላለሁ፣ ሲደክመኝ «አሳርፍ!» ብዬ ከተጠንቀቅ እለቃቸዋለሁ፤ ድምፄ ከቀን ወደ ቀን ከደረቴ ወደ ሆዴ ወረደ። አንዳንዴ የራሴን ድምፅ ስሰማ ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ እየጮህኩ ሳለ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ «ቁም!» አልኩ።

ከዛፎቹ ወዲያ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። በግንዶቹ መካከል ሳይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መንገዱ ላይ ደርቀው ቆመዋል። አህያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው ደግሞ የሱፍ ቆባቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ወደ እኔ አላዩም። ወደ መሬት ነው የሚያዩት። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! እርስዎን አይደለም!»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ሴት ልጅ መሆኔን ሲያዩ ግራ ተጋቡ።

«ታዲያ ማንን ነው ልጄ?»

«ዛፎቹን ነው።»

ሽማግሌው ዛፎቹን ከታች እስከ ላይ ተመለከቷቸው። ቆባቸውን አጠለቁ።

«ዛፉማ ቆሟል» አሉኝና አህያቸውን ነድተው ሄዱ።

የጎጃም ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ለብቻው ይዞት አይገባም። በዚያው ዕለት ገበያው ሁሉ ዛፍ የምታዝዘውን ተማሪ ሰማ። ከሰሙት መካከል አንዱ በየሳምንቱ ሞጣ እየሄደ ጨርቅ የሚያመጣ ቸርቻሪ ነበር። ሰውዬው አባቴ ሱቅ ገብቶ ወሬውን ሲያወራላቸው አባቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ አሉ። «ዛፉማ ቆሟል!» እያሉ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ጎረቤት ነጋዴም ጠርተው አስነገሩለት። ከዚያ ቸርቻሪው ጨርቁን እያጠፈ «ልጅቷ ደግሞ ከዚሁ ከሞጣ የነጋዴ ልጅ ናት ይላሉ፣ ሒጃቧ ላይ ቆብ የደረበች» አለ። እናቴ እንደነገረችኝ፣ አባቴ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ደንበኛ ፊታቸው ቆሞ ሳለ ሲቀመጡ ያየቻቸው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ማታውን ደወሉልኝ። «ሄሎ፣ እንደምን ነዎት?» አሉኝ።

የሚያነጋግሩት ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። «አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ደኅና ነዎት ወይ? ሥራ ላይ ይሆናሉ፤ አላስቸግርዎ።»

ስልኩ ተዘጋ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። ስድብ ለቅርብ ሰው ነው፤ «እርስዎ» ግን በሁለታችን መካከል የተዘጋ በር ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል በደወልኩ ቁጥር በዚያው ትሕትና መለሱልኝ። እናቴ «ተቆጥተው አይደለም፣ ፈርተው ነው» ትለኛለች። ምን እንደፈሩ ስጠይቃት ግን «እሳቸውን ጠይቂ» ትላለች። ድምፄ በየቅዳሜው ያድጋል፤ ሃምሳ አለቃውም መጎበዜን ነገረኝ። እኔ ግን እያንዳንዷን «ዙር» ስል አባቴን በአንድ እርምጃ የማርቃቸው ይመስለኝ ጀመር። ሁለቱንም እፈልግ ነበር፤ ማዕረጉንም አባቴንም። ሁለቱን ባንድ ላይ የማገኝበት መንገድ አልታየኝም።

ለኢድ ሞጣ ሄድኩ። በበዓሉ ቀን ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ስለነበር መነጋገር አልቻልንም። በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጥቅሎቹን ከመደርደሪያ እያወረድን አቧራቸውን እናራግፍ ነበር።

«ያንን ጫፍ ይያዙልኝ» አሉኝ።

«አባባ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ እርስዎ አይበሉኝ።»

«አዛዥ ‹አንቺ› ይባላል እንዴ?»

ጨርቁን ዘርግተን ያዝን፤ እሳቸው በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ። «ያ ሽማግሌ ‹ቁም› ሲባሉ ቆባቸውን አወለቁ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ያን ጊዜ ምን ተሰማዎት?»

«አፈርኩ።»

«ከማፈርዎ በፊትስ?»

አባቴ ስንት ዓመት የሰው ፊት እያነበቡ የነገዱ ሰው መሆናቸውን ረስቼ ነበር። ጥያቄውን እኔም ራሴን ጠይቄው አውቃለሁ፤ ሳልመልስ ነው የተውኩት። ሽማግሌው ደርቀው ሲቆሙ፣ ገና ማን እንደሆኑ ሳላይ፣ ውስጤ አንድ ነገር ሞቅ ብሎ ነበር። አንድ ሰው ቃሌን ተቀብሎ ነበር፤ «አባትሽ የሉም?» ሳይል።

«ደስ አለኝ» አልኳቸው። «በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ነው ያፈርኩት።»

አባቴ ጨርቁን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

«አፈርኩ ብቻ ብለሽ ብትቀሪ አላምንሽም ነበር» አሉ።

«አንቺ» ማለታቸውን እሳቸው ያስተዋሉት አልመሰለኝም። እኔ ግን ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ፣ ትንሽ ብንቀሳቀስ መልሰው የሚወስዱት እየመሰለኝ።

«እኔ በዕድሜዬ ‹ቁም› ያለኝ ሰው ሁሉ ቀጥሎ አንድ ነገር ወስዶብኛል» አሉ። «አንዱ ጨርቄን፣ አንዱ በቅሎዬን። አንዱ ደግሞ የሚወስደው ቢያጣ ፀሐይ ላይ አቁሞ ቀኔን ወሰደብኝ። ቃሉን የማውቀው እንዲህ ነው። ከገዛ ልጄ አፍ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም።»

«እኔ እኮ ምንም አልወሰድኩባቸውም፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። ሰውዬው ግን አለመውሰድሽን ያወቁት ቤታቸው ሲደርሱ ነው።»

ስሰናበታቸው በሰኔ ማጣሪያ እንዳለብኝ፣ ወላጆችም እንደሚመጡ ነገርኳቸው። «ሱቁን ማን ይይዛል?» አሉኝ። በእሳቸው አነጋገር ይህ እምቢ ማለት ነው።

ወደ ቢቸና ስመለስ ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ነገሩን ልተወው አሰብኩ። ቀላል ነበር፤ ቅዳሜ አለመውጣት ብቻ። ግን እኔ ብተወው ቃሉ አይጠፋም። «ቁም» የሚል ሌላ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ምናልባትም የሚወስደውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው። ቃሉን የሚጠላ አባት ያሳደጋት ልጅ ብትለውስ ምን ይጎዳል? ይህን ያሰብኩት ለመቀጠል ሰበብ ፈልጌ ይሁን አምኜበት፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ጎማው ተቀየረ፣ ተሳፈርኩ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም ወጣሁ።

የማጣሪያው ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ለእንግዶቹ ሜዳው ዳር ድንኳን ተተከለ። ተመልካቹ የሚቆምበት ቦታ በኖራ ተሠመረ። ሃምሳ አለቃው የዕለቱን ሰልፍ የምመራው እኔ መሆኔን ነገረኝ። ይህን ሰልፍ ከመራሁ ክረምቱን ጦር ሰፈር እገባለሁ፤ ካልሆነልኝ ሰኞ ዕለት እንደማንኛዋም ተማሪ ክፍል ነኝ። የመረጠኝን ሰው ለማመስገንም ለመርገምም ጊዜ አልነበረም፤ ሕዝቡ ኖራውን አልፎ ሜዳው መሀል ገብቷል። እናቶች ልጆቻቸውን በስልክ ፎቶ ሊያነሡ ይጋፋሉ፣ ካህናቱ ጥላ ይዘው መጥተዋል፣ ሕፃናት በሰልፈኛው እግር መካከል ይሯሯጣሉ።

«ሰዉን ወደ ኋላ መልሺ» አለኝ ሃምሳ አለቃው። «እንግዶቹ እየገቡ ነው። እኔ አልናገርልሽም።»

ወደ ሕዝቡ ሄድኩ። «ወላጆቻችን፣ እባካችሁ ትንሽ ፈቀቅ በሉልን» አልኩ። ፈገግ አሉልኝ። «በእናታችሁ፣ ከኖራው ወዲያ ሁኑልን።» አንዲት እናት «ግድ የለም ልጄ፣ አንነካችሁም» ብላ መረቀችኝ። የተንቀሳቀሰ የለም። እንግዶቹ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ ጀመሩ። ከኋላዬ ሠላሳ ሰው በጉጉት እያየኝ እንደሆነ ጀርባዬ ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ነው አባቴን ያየኋቸው። ከፊት ረድፍ፣ ከኖራው ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተው ቆመዋል። የበዓል ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፤ የታጠፈ ጥቁር ጃንጥላ በእጃቸው ነው። ሱቁን ዘግተው ጠዋት በመጀመሪያው መኪና መጥተዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ ሊስቁም ሊያዝኑም ያልወሰኑ ይመስሉ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አዝዘው ነበር። ሌላ ቦታ ቢቆሙ ዞር ብዬ ለሌላው እጮህ ነበር። ግን ፊት ለፊቴ ናቸው፤ ለሕዝቡ የምለው ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ዘንድ ነው። በሕይወቴ አባቴን በነጠላ ጠርቼ አላውቅም። በእኛ ቤት እንኳን ትእዛዝ፣ «ና» የሚለው ቃል እሳቸው ፊት ለድመት ብቻ ነው የሚባለው። ሁለት ልብ ሆኜ ቆምኩ። ከዚያ ስለ ማዕረጉ ማሰቤን ተውኩት። የምወስድባቸው ነገር ይኖር እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

«ወደ ኋላ ተመለስ!»

አባቴ ደነገጡ፤ ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁት፣ ያም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ሁለተኛ። ሦስተኛውን ሲሄዱ አጠገባቸው የቆመውን ጎረምሳ በክንዱ ይዘው አብረው ጎተቱት። እናቲቱም ስልኳን አውርዳ ተከተለች። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ እንደተከፈተ መጋረጃ ወደ ኋላ ተጠቀለለ። በኖራውና በሰልፈኛው መካከል ባዶ ሜዳ ቀረ።

ከዚያ የሆነውን ብዙ አላስታውሰውም። ሰልፉን መራሁ። ድምፄ አልተቆራረጠም ብለው የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ሃምሳ አለቃው ሲያልፍ ያለወትሮው ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ፤ አለመቀነሴን ያወቅሁት በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያገለገልኩባቸው ዓመታት የብዙ ሰው ታሪክ ስለሆኑ እዚህ አላነሣቸውም። በጎም ነበረባቸው፣ ዛሬ ቢሆን በሌላ ቃል የምናገረው ነገርም ነበረባቸው።

እንግዶቹ ሲነሡ ዝናቡ ጀመረ። ሰልፉ ተበተነ፣ ወላጆች ኖራውን ረግጠው ወደ ልጆቻቸው ሮጡ፣ ሜዳው በእልልታና በጃንጥላ ተሞላ። ዲያቆኑን እናቱ አንገቱን አቅፋ ትስመዋለች። እኔ የኔን ሰው በዓይኔ ፈለግሁ። ግፊያው ሲሳሳ አየኋቸው። ካቆምኳቸው ቦታ ላይ ናቸው። ሰው ሁሉ ትቷቸው ሄዷል። እጃቸውን ከጎናቸው አድርገው፣ ጃንጥላቸውን እንደታጠፈ ይዘው፣ ዝናቡ ኮፍያቸው ላይ እየወረደ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«አባባ! ምነው ዝናብ ላይ? አልቋል እኮ።»

«አሳርፍ ያለኝ ሰው የለም» አሉ።

ፊታቸው ላይ ቀልዱን ፈለግሁት። ነበረ፤ ግን ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልቅፋቸው አንድ እርምጃ ስሄድ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ከለከሉኝ። የሚጠብቁት ማቀፍ አልነበረም። «አሳርፍ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ሜዳ ሙሉ ሰው ያንቀሳቀሰው ድምፅ የትም የለም። አባቴ ቆመው ጠበቁኝ። ሁለተኛ ስሞክር ወጣልኝ፤ ቀስ ብዬ፣ እሳቸው ብቻ እንዲሰሙት አድርጌ አልኩት። ያን ጊዜ ትከሻቸውን አላሉ፣ ጃንጥላውን ዘረጉና ከሥሩ አስገቡኝ።